ሰነዱ ድረ ገጻችሁ ላይ አለ፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም

ለ፦ ሰነዶችን በድረ ገጽ ለሕዝብ ለምታቀርቡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ በተለይም ፋይሉን ለምትጭኑ ባለሙያዎችና «ይውጣ» ብላችሁ ለምትፈርሙ ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ በድረ ገጻችሁ ያሉ ሰነዶች እንዲገኙ፣ እንዲከፈቱ፣ እንዲነበቡና እንዲታተሙ ስለመጠየቅ

«ድረ ገጻችን ላይ ተጭኗል፤ ከዚያ ይመልከቱ» ያልተባለ ባለጉዳይ የለም ማለት ይቻላል። መልሱ ሐሰት አይደለም። ሄደን ስናይ ሰነዱ በእርግጥ ተጭኗል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ አይከፈትም፣ ቢከፈት አይነበብም፣ ቢነበብ የሚፈለገው አንቀጽ አይገኝም፣ ቢታተም ጎኑ ተቆርጦ ይወጣል። ይህን ሁሉ አልፎ የተገኘውን ወረቀት ደግሞ ያው ሰነዱን የጫነው መሥሪያ ቤት «ይህ ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል።

የዕለት ሥራዬ ሕግ፣ መመሪያ፣ ማስታወቂያና ቅጽ ማገላበጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስልኩን ያቀብለኝና «እስኪ ይህቺን አትምልኝ» ይለኛል፤ ስለዚህ የምጽፈው ለራሴ ብቻ አይደለም። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው። ሰነድ «ይፋ ሆነ» የሚባለው ከቢሮአችሁ ውጭ ያለ ሰው በተራ ስልክ አግኝቶ፣ ከፍቶ፣ አንብቦና አትሞ ሲጨርስ ይሁን። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ ሰነዱ መገኘት አለበት። ስሙ «ስካን 0034» ወይም «የመጨረሻው አዲስ 2» የሆነ ፋይል ፈልጎ የሚያገኘው ማን ነው? አውርደን ስልካችን ላይ ካስቀመጥነው በኋላ እኛም መልሰን አናገኘውም። የሰነዱ ርእስ፣ ቁጥሩና ዓመቱ የፋይሉ ስም ይሁን። ሊንኩም «እዚህ ይጫኑ» ከሚባል ይልቅ የሰነዱን ርእስ ይያዝ። ዓይነ ስውር አንባቢ በስልኩ ድምፅ አንባቢ ሊንኮቻችሁን ሲያስነብብ የሚሰማው «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» ብቻ ነው። ከሊንኩ ጎን «48 ገጽ፣ 3 ሜጋ ባይት» ብትሉ ደግሞ የኢንተርኔት ጥቅሉን ቆጥቦ የሚጠቀም ሰው ከማውረዱ በፊት አስቦ ይወስናል።

የፍለጋ ሳጥናችሁን ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በአማርኛ «ዐዋጅ» ብሎ የሚጽፍ አለ፣ «አዋጅ» ብሎ የሚጽፍ አለ፤ «መሥሪያ ቤት» አለ፣ «መስሪያ ቤት» አለ፤ «ጽሕፈት» አለ፣ «ጽህፈት» አለ። ለኛ ጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ፍጹም ሁለት ነው። ሰነዱን የጻፈው ሰው በንጉሡ ሠ ጽፎት አንባቢው በእሳቱ ሰ ከፈለገው፣ ሳጥኑ «ምንም ውጤት አልተገኘም» ይላል፤ አንባቢውም ሰነዱ የለም ብሎ ይሄዳል። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ለአንድ ፕሮግራመር ቀላል ሥራ ነው። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ የፍለጋ ሳጥን ፈተና አራሚ አይደለም።

አድራሻም አለ። ድረ ገጽ በታደሰ ቁጥር የሰነዶቹ አድራሻ አብሮ ይቀየራል። በደብዳቤ ላይ የተጠቀሰው፣ በጥናት ግርጌ የተጻፈው፣ ለዘመድ የተላከው ሊንክ በሙሉ በአንድ ሌሊት «404፣ ገጹ አልተገኘም» ይሆናል። የድረ ገጽን አሠራር የፈለሰፈው ቲም በርነርስ ሊ፣ ጥሩ አድራሻ የማይቀየር አድራሻ ነው ብሎ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። መቀየሩ ግድ ከሆነም አሮጌውን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ትእዛዝ አለ፤ ቁጥሩ 301 ነው፤ ድረ ገጹን የሠራላችሁ ባለሙያ ያውቀዋል። ክፍያውን ከመልቀቃችሁ በፊት ይህን አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ፤ ወደ ስካን።

የአንድ ሰነድ ጉዞ በብዙ መሥሪያ ቤት ይህን ይመስላል። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትጽፈዋለች። ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል። ከዚያ ስካን ይደረግና ወደ ድረ ገጽ ይወጣል። ጽሑፍ ሆኖ የተወለደው ነገር ለሕዝብ ሲደርስ ፎቶግራፍ ሆኗል። ጽሑፉ ግን የትም አልጠፋም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ጥራት ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል። በሙሉ ቀለም ሳይታመቅ ቢቀመጥ 26 ሜጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ታምቆ እጅግ ያንሳል፤ ግን ስንት መሥሪያ ቤት ነው የስካነሩን ማስተካከያ ነክቶ የሚያውቀው? በዛሬው የተለመደ አሠራር አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በዚያው ገጽ ላይ 2000 ፊደል ቢኖር ጽሑፉ 6 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ ጽሑፍ በሙሉ ቀለም ስካን ማድረግ፣ ለአንዲት ክብ ሰማያዊ ማኅተም ሲባል አንባቢውን ሁሉ ማስከፈል ነው።

ክብደቱ እንኳ ቢቻል፣ ፎቶግራፍ አይፈለግበትም። በ90 ገጽ መመሪያ ውስጥ «ይግባኝ» የሚለውን ቃል ለማግኘት 90ውንም ገጽ በዓይን መልቀም ግድ ነው። ድምፅ አንባቢው ፊት ባዶ ገጽ ነው። ስልክ ላይ ፊደሉን ስታጎሉት መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ እያንዳንዱን መስመር ወደ ቀኝና ወደ ግራ እየጎተቱ ማንበብ ነው። ፊደላችን ደግሞ ሉን ከሊ የሚለየው አንዲት ቅጥያ መሀል ላይ ወይም ግርጌ ላይ በመሆኗ ነው። ስካኑ ከደበዘዘ «ይከፍሉ» እና «ይከፍሊ» በዓይን አይለዩም፤ አንባቢው የሚገምተው በዐውዱ ነው። በቁጥር ግን ዐውድ አይረዳም።

ስካነር ደግሞ የምናምነውን ያህል ታማኝ አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን ሲያደርጉ ቁጥር እየቀየሩ መሆኑን ለዓለም አሳየ። በአንድ የሕንፃ ፕላን ላይ የተለያየ ስፋት ያላቸው ክፍሎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ወጡ፤ በሌላ ሰንጠረዥ ላይ 6 የነበረው 8 ሆነ። ምክንያቱ ፋይሉን ለማሳነስ የሚጠቀሙበት የማመቂያ ዘዴ ነበር። ተመሳሳይ የመሰሉትን ምልክቶች አንዱን ብቻ አስቀምጦ በሌላው ቦታ ይደግመዋል። የሚያስፈራው ስሕተቱ አለመደብዘዙ ነው፤ 8ቷ ጥርት ያለች፣ አምራ የታተመች ናት። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አውጥቷል። ትምህርቱ ግን ለእናንተም ነው፤ ስካኑ «ኦሪጅናል» የሚሆንበት፣ ጽሑፉ የሚናቅበት ምክንያት የለም።

ማኅተሙና ፊርማው ያስፈልጋል የምትሉትን ይገባኛል፤ እኔም ያለ እነሱ የመጣ ወረቀት አላምንም። መፍትሔው ሁለቱንም ማውጣት ነው። የተፈረመበት ስካን ለማረጋገጫ፣ ጽሑፉ ለንባብና ለፍለጋ፣ ጎን ለጎን። የቆዩት ሰነዶች ጽሑፋቸው ከጠፋ ደግሞ ከምስል ላይ ፊደል ለይተው የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነጻ የሆነው ቴሰራክት አማርኛም ያውቃል። የሚያወጣው ያለ ስሕተት አይደለምና በሰው ዓይን መታረም አለበት። «ለፍለጋ እንዲያግዝ የተዘጋጀ፣ ለሕጋዊ ጉዳይ ስካኑን ይመልከቱ» ብላችሁ ብትጽፉበት ማንም አይወቅሳችሁም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት አንድ ነገር አለ። ጽሑፍ የሚመስል ፒዲኤፍ ሁሉ ጽሑፍ አይደለም። የግእዝ ፊደል፣ ለዓለም ቋንቋዎች ፊደሎች የየራሳቸውን ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የግእዝ ፊደሎችን ያስቀመጡት በላቲን ፊደሎች መቀመጫ ላይ ነበር። ፊደላችን ከ200 በላይ ስለሆነ መቀመጫው አልበቃ ብሎ፣ አንዳንዱ ፎንት ከአንድ በላይ ፋይል ተከፍሎ ነበር። በዚያ ዘመን ሌላ ምርጫ አልነበረም፤ ሠሪዎቹ አማርኛን በኮምፒውተር እንድንጽፍ ያስቻሉን ባለውለታዎቻችን ናቸው። ግን ዛሬም በእነዚያ ፎንቶች የሚጻፍ ሰነድ አለ። ወደ ፒዲኤፍ ሲቀየር ስክሪን ላይ አምሮ ይታያል። ከሥሩ ያለው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ነው። የፍለጋ ሞተር አያነበውም፣ ድምፅ አንባቢው ያጉተመትማል፣ አንድ አንቀጽ ገልብጦ ደብዳቤ ውስጥ ለማስገባት የሞከረ ሰው ጥያቄ ምልክትና ነጠብጣብ ይቀበላል።

መፈተኑ ደቂቃ አይፈጅም። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ገልብጣችሁ ወደ ስልክ መልእክት ለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከመጣ ደህና ነው። ሌላ ነገር ከሆነ ሰነዱ ገና አልተጻፈም ማለት ነው።

የፎንትን ነገር ካነሳን፣ ፒዲኤፍ የተፈጠረው ሰነድ በየትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲታይ ነው። አዶቤ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ሆኖም ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ካልተቀመጠ፣ ያ ፎንት የሌለው ስልክ የራሱን ይተካል ወይም ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ይህን ለማስቀረት ለመዝገብ ማቆያ ተብሎ የወጣ ፒዲኤፍ ኤ የሚባል ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ፤ ፎንቱ ሁሉ ውስጡ እንዲኖር ያስገድዳል። በምትጽፉበት ፕሮግራም ውስጥ «እንደ ፒዲኤፍ አስቀምጥ» ስትሉ ከአማራጮቹ አንዱ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዲት ምልክት ማድረግ ነው።

ቅጾችን በተመለከተ አጭር ልሁን። በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ብቻ የሚከፈት ቅጽ አታውጡ። ስልክ ላይ ሲከፈት «እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ገጽ ብቻ የሚያሳይ ቅጽ አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ ብትጠብቁ አይመጣም፤ የተሠራበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የፒዲኤፍ ደረጃ ላይ ጊዜው ያለፈበት ተብሏል። በስክሪን ተሞልቶ በስክሪን የሚላክ ቅጽ ማዘጋጀት እየተቻለ፣ አትሞ በብዕር ሞልቶ፣ ስካን አድርጎ መልሶ መጫንን የሚጠይቅ አሠራር ደግሞ ምን እንደምለው አላውቅም።

ወደ ማተም ልሂድ። «በዚህ ዘመን ማን ያትማል?» የሚል ባለሙያ ሰምቻለሁ። መልሱ፣ እናንተ ናችሁ የምታሳትሙን። ማመልከቻው ላይ «ኮፒ ይያያዝ» የሚለውን መሥሪያ ቤቱ ነው የጻፈው። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ፣ 60 ገጽ ረቂቅ ላይ በብዕር አስተያየት የሚጽፍ ሰው፣ ስብሰባ ላይ የሚያከፋፍል፣ ችሎት የሚቀርብ፣ ሁሉም ወረቀት ያስፈልገዋል።

ከገጻችሁ ላይ አንድ ማስታወቂያ እንደወረደ ለማተም ሞክሩ። ከላይ ምናሌው ይወጣል፣ ከጎን የማኅበራዊ ሚዲያ ምልክቶች ይወጣሉ፣ የኃላፊው ፎቶግራፍ አንድ ገጽ ይይዛል፣ ማስታወቂያው ሦስተኛው ገጽ ላይ ይጀምራል። ለስክሪን አንድ መልክ፣ ለወረቀት ሌላ መልክ ማዘጋጀት እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የድረ ገጽ አሠራር ደረጃ አካል ነው። ለወረቀት ሲሆን ምናሌው ይደበቅ፣ ጽሑፉ ጥቁር በነጭ ይሁን፣ ግርጌው ላይ የገጹ አድራሻና የታተመበት ቀን ይውጣ። አንዴ ከተሠራ ለሁሉም ገጽ ይሠራል።

የወረቀት ልክም ብዙ ሰው ሳያውቀው ያናድደዋል። ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ሌተር የሚባለው የአሜሪካ ልክ ደግሞ 216 በ279 ነው። ኮምፒውተራችሁ ከፋብሪካ ሲወጣ በሌተር ተስተካክሎ ከሆነ፣ ያዘጋጃችሁት ሰነድ በስፋቱ ከኤ4 ይበልጣል። ኅዳጉ ጠባብ ከሆነ የመስመሩ ጫፍ ይቆረጣል። አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሲያጋጥምህ በማተሚያው መስኮት ላይ «ከገጹ ልክ ጋር አስተካክል» የሚለውን ምረጥ። ባርኮድ ወይም በልክ የተሠመረ የፎቶ ቦታ ያለው ቅጽ ከሆነ ግን 100 በመቶ ላይ ተወው፤ ካነሰ አንባቢ መሣሪያው ላያውቀው ይችላል። ብሮውዘሩ ውስጥ ከማተምም ፋይሉን መጀመሪያ አውርዶ ማተም ይሻላል። ፊደሉ ወረቀት ላይ ከተበላሸ «እንደ ምስል አትም» የሚል አማራጭ አለ፤ ይዘገያል እንጂ ብዙ ጊዜ ያወጣዋል።

እናንተም፣ ሰፊ ሰንጠረዥ ከኤክሴል ላይ እንዳለ ወደ ፒዲኤፍ አትገልብጡ። ስም አንድ ገጽ ላይ፣ ውጤቱ አራት ገጽ አልፎ የሚወጣ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም። ወረቀቱን አግድም አዙሩት፣ የዓምዶቹ ርእስ በየገጹ ይደገም። «በቀይ የተመለከቱት አላለፉም» አትበሉ፤ አብዛኛው ማተሚያ ጥቁርና ነጭ ነው። «ገጽ 3 ከ12» የሚል ቁጥር አድርጉ። አንድ ወረቀት ከመሀል ሲወድቅ እንዴት ይታወቃል?

ከሁሉ የማይገባኝ ማተም የተከለከለበት የሕዝብ ሰነድ ነው። ፒዲኤፍ ማተምንና መገልበጥን የሚከለክል መቆለፊያ አለው፤ አንዳንድ ሰነድ ይህ ተደርጎበት ይወጣል። እንዳይነካ፣ እንዳይቀየር ነው ይላሉ። መቀየር የፈለገ ሰው ግን ይህ አያስቆመውም፤ የሚያስቆመው ቅጹን አትሞ ሊሞላ የመጣውን ቅን ባለጉዳይ ነው።

በተቃራኒው መደበቅ የሚገባው ሳይደበቅ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። ስም ወይም ስልክ ቁጥር ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል መደምሰስ አይደለም፤ ፊደሉ ከሳጥኑ ሥር አለ። በጥር 2019 እ.ኤ.አ. የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ያስገቡት ሰነድ ላይ ያጠቆሩትን ክፍል ጋዜጠኞች ገልብጠው በመለጠፍ ብቻ አንብበውታል። የዜጎችን ዝርዝር ስታወጡ የማያስፈልገውን ዓምድ ከመሠረቱ አጥፉት፣ ከዚያ ፒዲኤፍ አድርጉት።

ወደ ባለጉዳይ ማስተናገጃው መስኮት እንምጣ። ከድረ ገጻችሁ አትሞ የመጣን ባለጉዳይ «ይህ ከኢንተርኔት የወጣ ነው» ብሎ መመለስ፣ ድረ ገጹን ማን ከፈተው ያሰኛል። ሥጋቱ ገብቶኛል፤ ወረቀት ይቀየራል። በዲጂታል የተፈረመ ፋይል እንኳ ሲታተም ፊርማው ወረቀቱ ላይ አይመጣም፤ ማረጋገጫው ፋይሉ ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ በየገጹ ግርጌ የሰነዱን ቁጥር፣ የወጣበትን ቀንና ወደ ኦሪጅናሉ የሚወስድ ኪው አር ኮድ አትሙ። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ በስልኩ አይቶ ያመሳክራል። ሰነዱ ሲሻሻል ደግሞ አሮጌውን በዝምታ አታንሱት። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህኛው ተተክቷል» ብላችሁ አቆዩት፤ ባለፈው ዓመት በአሮጌው መሠረት ያመለከተ ሰው ምን ላይ ተመርኩዞ እንዳመለከተ ማሳየት አለበት።

በጀት የለም፣ ሰው የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። ከላይ ከዘረዘርሁት አብዛኛው ግን የግዢ ጉዳይ አይደለም፤ በአንድ ሰነድ ላይ ጥቂት ደቂቃ የመጨመር ጉዳይ ነው። «ማንም አያወርደውም፤ ቆጣሪው ያሳያል» የሚልም አለ። የማያዩት አገር አይናፍቅም። ያልተገኘ ሰነድ በቆጣሪው ላይ ያልተፈለገ ይመስላል።

ስለዚህ ከብዙው በአንዱ ጀምሩ። ባለጉዳይ አብዝቶ የሚጠይቃችሁን አንድ ሰነድ ምረጡ። የጫነው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው፣ በቢሮው ዋይፋይ ሳይሆን በስልኩ ዳታ፣ ፈልጎ ያግኘው። አንድ ቃል ይፈልግበት፣ አንድ መስመር ገልብጦ ይለጥፍ፣ ጥቁርና ነጭ አትሞ እንደ ባለጉዳይ ተሰልፎ መስኮታችሁ ላይ ያቅርበው። የተሰናከለበትን ካስተካከላችሁ በኋላ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከየሰነዱ ጎንም «አልተከፈተልኝም» የሚል አንድ ቁልፍ አድርጉ፤ ሲነካ መልእክቱ ስም ላለው ክፍል ይድረስ።

በጽሑፍ መልስ የምጠብቅበት ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፦ ከራሳችሁ ድረ ገጽ የታተመ ሰነድ በራሳችሁ መስኮት ተቀባይነት አለው ወይስ የለውም? መልሱን እዚያው ድረ ገጻችሁ ላይ፣ ስካን ሳይሆን በጽሑፍ፣ ብታወጡት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ሰነዶቻችሁን የሚያነብ አንድ ዜጋ